አንድ ዓይን

ወንድሜ እንዳላማው ፒያሳ ቁልቁለቱ ላይ፣ ከፎቶ ቤቱ ጎን፣
አንዲት ክፍል ተከራየና ስም አወጣላት፦ «የግንቡ ዘመን»።
ሃምሳ ብር ከፍለህ፣ ጥቁር መነጽር አጥልቀህ፣
ጣሪያው ካልፈረሰ እልፍኝ ዘው ብለህ ትገባለህ።
መነጽር ይበሉት እንጂ የጋሪ ፈረስ መከለያ ነው የሚመስለው፤
ግራ ቀኙን ጋርዶ ፊት ለፊቱን ብቻ የሚያሳየው።

ወረፋው ደረጃው ድረስ ነው። የማራኪ ተማሪዎች፣
ሙሽራ ከነሚዜዎቹ፣ ከአዘዞ የመጡ ወታደሮች፤
ደግሞ አቶ ጥጋቡ፣ መኪና መንዳት ድንገት የተወ፣
ለምን እንደተወ ለሰው ያልተናገረ፣
ተራው ሲደርስ ሁልጊዜ «ነገ» እያለ የሚመለስ።

እኔ ትኬት ቆራጭ ነኝ።
ካርቶኑን የከፈትኩትም እኔ። ከስፖንጁ ስር
የታጠፈች ወረቀት፣ ፊደሏ ጤፍ የሚያህል፦
የሚጥል በሽታ ያለበት ሐኪም ሳያማክር አይጠቀም።
ስሜ የተጠራ መሰለኝ። አጣጥፌ ኪሴ ከተትኳት።

የሚጥል።
ዝናብም ይጥላል፣ ሐምሌ ላይ፣ አንገረብን ሞልቶ፤
ቀንም ሰውን ይጥላል፣ ከወንበሩ አንስቶ፤
እኔን የጣለኝ ግን ያኔ ስም አልነበረውም፣ ዘጠነኛ ክፍል፣
ሰሌዳው ፊት፣ ጠመኔ እንደያዝኩ፣ ቁጥሩን ሳላካፍል።
ስነቃ አፍንጫዬ ስር ክብሪት ይጨሳል፤
የሚነካኝ የለም፤ ሁሉም ክብ ሠርቶ ያያል።
ከዚያ ወዲያ ለሦስት የተሠራ ዴስክ ላይ ብቻዬን ተማርኩ።

ወረቀቷን ይዤ ሆስፒታል ሄድኩ። ዶክተር አስረበብ
ቀስ ብሎ አነበባት።
«ሁሉንም አይጥልም» አለኝ። «ከመቶ ጥቂቱን ነው
የሚብለጨለጭ ብርሃን የሚቀሰቅሰው።
ከጥቂቶቹ ነሽ ከብዙዎቹ? እኔ አላውቅም፤
በብልጭታ የሚፈትሸው መሣሪያ ዛሬ አይሠራም።
እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ያመለጠሽ ክኒን፣
ያልተኛሽው ሌሊት ነው።» መስኮት መስኮቱን አየ።
«መንገድ ላይ ብልጭታ ቢመጣብሽ፣ መጨፈን አይበቃም፤
በመዳፍሽ አንድ ዓይንሽን ሸፍኚና ፊትሽን አዙሪ።
ያ ዕቃ ግን…» ሁለት እጆቹን ዓይኖቹ ላይ ደፋ፤
«እዚያ ውስጥ ለመዳፍ ቦታ የለም።»

ስወጣ የአዘዞ ሚኒባስ ያዝኩ። ባህር ዛፉ መሃል
ፀሐይ ብልጭ፣ ጥፍት፤ ብልጭ፣ ጥፍት፤ ብልጭ።
ስንት ዓመት በዚህ መንገድ ግራ ክንዴን ሲወረኝ
«ነፋሱ ነው» ብዬ መስኮት ዘጋሁ!
አንድ ዓይኔን ሸፈንኩ።
ረዳቱ፣ «እህት፣ ዓይንሽን አመመሽ?»
«የለም» አልኩት፤ «ፀሐይዋን እያካፈልኳት ነው።»

ቅዳሜ ማታ፣ ልንዘጋ ስንል፣ መነጽሩን ዘረጋልኝ፦
«ትርንጎ፣ አንቺ ብቻ ነሽ ያላየሽው፤ አንዴ እይልኝ።»
ወረቀቷን ሰጠሁት።
አነበበ፤ ዝም አለ። ሦስት ዓመት ስላልወደቅሁ
ረስቶት ነበር፤ እኔም እንዲረሳው እፈልግ ነበር።
ከዚያ ራሱ አጠለቀው፤ እጄን በዳበሳ ፈለገ።
«ነይ። ደረጃ አለ። ቀይ ምንጣፍ… ጣሪያው የዝሆን ጥርስ…
መስኮቱ ስር አንድ ሰው በገና ይዟል፣ አይደረድርም፤
ቆይ፣ ዛሬ ገና አየሁት!» ለእኔ ሲያወራ
መቶ ጊዜ የገባበት ቤት አዲስ ሆነበት።
ገመዱ እግሩን ጠለፈው። ወደ ፊት ሲደፋ
በደረቴ ተቀበልኩት፤ ወንበሩ ብቻ ተገለበጠ።
ከባድ ነው ወንድሜ። እንዲህ መክበዱን አላውቅም ነበር፤
እኔን የሚያነሡኝ ሰዎችም ምን ያህል እንደምከብድ
ነግረውኝ አያውቁም።

ሰኞ ጥቁር ሰሌዳ ገዛሁ፤ በጠመኔ፣ በትልቁ፣
የወረቀቷን ቃል ጽፌ በር ላይ አቆምኩት።
እጄ ተንቀጠቀጠ፤ ግን ጨረስኩት።
ሁለት ልጆች አንብበው ሳቁ። አንዲቱ አልሳቀችም።
አቶ ጥጋቡ ረጅም ጊዜ ቆመ፤ ትኬቱን መለሰ።
ሃምሳ ብሩን ስሰጠው ዝቅ ብዬ፦
«ባህር ዛፉ መሃልስ?» አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። ወረፋውን አየ።
ከዚያ ቀስ ብሎ፣ ላብ ያጠበው መሪ እንደያዘ ያህል፣
መዳፉን አነሣና
አንድ ዓይኑን ሸፈነ።